የ74 ስፓይደሬ ሞተር ወርዷል፤ ገንዘቤን የት ላይ ላውል?

ስፓይደር74 (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ልጅ ሆኜ አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ነጭ ፊያት 124 ነበረው። ባለ አራት በሩ፣ የቤት መኪናው። ጠዋት ሞተሩን ሲያሞቅ እየሰማሁ ነበር የትምህርት ቤት ጫማዬን የማስረው። ከአራት ዓመት በፊት እዚህ ቨርጂኒያ የአንድ ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ የ1974 124 ስፓይደር፣ ጣሪያው የሚከፈተው፣ ሸራ ለብሶ ቆሞ አገኘሁ። ሽማግሌው ቁልፉን አዞሩት፣ ተነሣ፣ ዋጋ እንኳን አልተከራከርኩም።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ሰመር ነው። ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጅ አንስቼ እንደገና ስረግጥ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የመጨመቅ ግፊት) ለካሁ። 1ኛው ሲሊንደር 140፣ 2ኛው 135፣ 4ኛው 138 ፒ ኤስ አይ። 3ኛው 90 ብቻ። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጌበት እንደገና ስለካ 3ኛው ወደ 125 ወጣ፣ ስለዚህ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ነው። ሞተሩን አወረድኩት። 1756 ሲ ሲው ነው፣ የአሜሪካ ስሪት፣ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም የገባውን አየር የሚጨምቅበት መጠን፣ 8.0 ለ1።

አሁን ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ ተበትኗል። 4,500 ዶላር አስቀምጫለሁ። ከተከፈተ አይቀር ደግሞ ዝም ብሎ መመለስ አላስቻለኝም። የምመኘው ይኼ ነው፦ ሁለት ባለ 40 ዌበር ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው)፣ ኃይለኛ ካም ሻፍት (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ፒስቶን፣ የቀለለ ቮላኖ (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ዲስክ)፣ አዲስ የጭስ ማኒፎልድ፣ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን። አንዱ ደግሞ የ2 ሊትሩን ክራንክ ሻፍት (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ክተትበት አለኝ። ሁሉንም እንደማልችል አውቃለሁ። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?


ከፍታ (ዴንቨር)

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ ስፓይደር ያለው ሐበሻ ሳገኝ ደስታዬ ልዩ ነው። ግን ከዕቃው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናውን የት ነው የምትነዳው? በስንት አር ፒ ኤም ነው ብዙውን ጊዜ የምትሄደው? ይኼን ሳትመልስ አንድ ዶላር አታውጣ።

የምለው ከደረሰብኝ ነው። የኔ የ75 ነው፣ ያው 1756። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ሁለት ባለ 40 ዌበርና ረጅም ካም ሸጠልኝ። ፒስቶኑን አልነካንም፣ 8.0 እንደሆነ ቀረ። ውጤቱን ልንገርህ። ከ3,500 በታች ሞተሩ ሞተ። መብራት ላይ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበትን) አይዝም። ከ5,000 በላይ ያምራል፣ እውነት ነው፣ ግን ከተማ ውስጥ 5,000 የት ታገኛለህ? ሚስቴ ሁለት ጊዜ ሄዳበት ከዚያ በኋላ አልገባም አለች።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቶ ነው። ረጅሙ ካም የመግቢያ ቫልቮላውን ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ፒስቶኑ ወደ ላይ እየወጣ፣ ገና ክፍት በሆነው ቫልቮላ የገባውን አየር መልሶ ያስወጣዋል። የተረፈችው ትንሽ አየር ደግሞ በ8.0 በደንብ አትጨመቅም። ለዚህ ነው ካም፣ ኮምፕሬሽን፣ ካርቡራተርና ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) አብረው መመረጥ ያለባቸው። አንዱን ለብቻው ስታሳድግ ሌሎቹ ወደ ኋላ ይጎትቱታል። አሁን ሁለቱ ዌበሮች መደርደሪያዬ ላይ ናቸው።


ባለቶርኖ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እኔ በፊያት ነው ያደግኩት። 124፣ 128፣ 131፣ ሁሉንም ፈትቻለሁ። እኛ አገር ጋራዥ ውስጥ ቴስታታ (የሞተሩ ክዳን)፣ ካንዴላ፣ ቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው)፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የምንለው ሁሉ ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው፣ ስለዚህ ይኼን ሞተር በራሱ ቋንቋ ነው የምናነጋግረው።

አሁን የጻፍከውን አየሁ። የምኞት ዝርዝር አለህ። የልኬት ዝርዝር ግን የለህም። ኮምፕሬሽን ለክተሃል፣ ጥሩ። ሲሊንደሩስ ስንት ነው? ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ መለካት አለበት። ክራንክ ሻፍቱ አንገቱ ላይ ጭረት አለው? ሞላላ ሆኗል? ቴስታታው አልሙኒየም ነው፣ ቀጥ ያለ ብረት አስተኝተህበት ስፔሶር (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ስታስገባ ስንት ይገባል? አንድ ጊዜ እንኳን ሙቀት መትቶት ከሆነ ይጎብጣል። ስንጥቅ ፈትሸሃል? በቫልቮላዎቹ መሃል ነው የሚሰነጠቀው። ጋይዱ (ቫልቮላው የሚንሸራተትበት ቱቦ) ላልቶ ከሆነ ደግሞ እግርህን አንስተህ ስትረግጥ የምታየው ጭስ ግማሹ ከዚያ ነው፣ ፋሻ ብትቀይርም አይቆምም።

ይኼ ሁሉ ሲያልቅ ነው ስንት ብር እንደተረፈህ የምታውቀው። የማይታየው ሥራ ነው ዋጋ የሚበላው። ቶርኖ ቤት፣ ኩሽኔታ፣ ጋይድ፣ የዘይት ፓምፕ፣ ጓርኒሲዮን። እሱን ቀንሰህ ካርቡራተር ብትገዛ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞተሩን እንደገና ታወርደዋለህ።

ሌላም አለ። ሲሊንደሩን ከማስፋትህ በፊት ፒስቶኑን ግዛ። እያንዳንዱን በማይክሮሜትር ለክተው፣ ሲሊንደሩን በፒስቶኑ ልክ ያስፉት። ብዙ ሰው አስፍቶ ነው ፒስቶን ፍለጋ የሚወጣው። ሶማሌ ተራ ስንቱን በዚህ አየሁት።


ስፓይደር74

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልክ ነዎት፣ አልለካሁም። ነገ ብሎኩንና ቴስታታውን ወደ ማሽን ቤት እወስዳለሁ።

ከፍታ፣ ላንተ ጥያቄ መልሴ ይኼ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የምነዳው። ብዙ ጊዜ ስካይላይን ድራይቭ ላይ፣ ከልጄ ጋር፣ ጣሪያው ተከፍቶ። 105 ማይል መንገድ ነው፣ ከኩርባ ወደ ኩርባ፣ የፍጥነት ወሰኑ ደግሞ 35 ማይል። እዚያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ሃይዌይ አለ። ስጽፈው ራሴም ገባኝ፣ 6,000 የምደርሰው በዓመት ምናልባት ጥቂት ጊዜ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ። ፒስቶን ውድ ነው። ኮምፕሬሽኑን ለመጨመር ለምን ቴስታታውን ብቻ አላስፍቀውም? እሱ ርካሽ ነው።


ናቪሊዮ (ሚላኖ)

ሰላም ከጣሊያን። ስሌቱን አብረን እንሥራው፣ ያኔ መልሱ ራሱ ይመጣል።

የሞተርህ ሲሊንደር ስፋቱ 84፣ የፒስቶኑ ጉዞ (ስትሮኩ) 79.2 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ሲሊንደር 439 ሲ ሲ ይሆናል። በ8.0 ፒስቶኑ ላይ ሲደርስ ከበላዩ የሚቀረው ክፍተት 62.7 ሲ ሲ ነው። 9.8 እንዲሆን ከፈለግህ 49.9 መሆን አለበት። ወደ 13 ሲ ሲ ማጥፋት አለብህ ማለት ነው። የሲሊንደሩ አፍ ስፋት 55.4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ብታስፍቅ ቢበዛ 5.5 ሲ ሲ ነው የሚቀንስልህ፣ የቴስታታው ጉድጓድ ከሲሊንደሩ አፍ ስለሚጠብ በተግባር ከዚያም ያንሳል። 13 ለማግኘት ከ2.3 ሚሊ ሜትር በላይ መፋቅ ይኖርብሃል። ይኼ ቴስታታ መግደል ነው። ደግሞ ካም ሻፍቶቹ ወደ ክራንኩ በቀረቡ ቁጥር የካሙ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ተስተካካይ ፑሌ ካልገዛህ አይመለስም። ስለዚህ ቴስታታውን የምታስፍቀው ለማቃናት ያህል ብቻ ነው። ኮምፕሬሽን የሚመጣው ከፒስቶን ነው።

ዋጋ አለው ወይ ካልከኝ፣ የኔን መኪና ተመልከት። ያው 1756፣ ያው ቴስታታ፣ የአውሮፓ ስሪት። ፋብሪካው 9.8 ኮምፕሬሽን ሰጥቶት በአንድ ዌበር 118 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። ለራሊ የተሠራው 124 አባርት ደግሞ ሁለት ባለ 44 ዌበር ተጭኖበት 128 ነበር። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት 10 ነው። የአሜሪካው ስሪት ግን በ70ዎቹ አጋማሽ 90 አካባቢ ነበር። አለካኩ ትንሽ ይለያል፣ የጭስ መቆጣጠሪያውም የራሱን ወስዷል፣ ቢሆንም ትልቁ ጉልበት የጠፋው የት እንደሆነ ታየዋለህ። ከሁለተኛ ካርቡራተር በፊት የተወሰደብህን ኮምፕሬሽን አስመልስ።

ይኼ ሞተር እኮ ተራ ሞተር አይደለም። አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው የነደፈው፣ ከዚያ በፊት ፌራሪ ሞተር ሲሠራ የነበረው ሰውዬ። 131 አባርት በ1977፣ በ1978 እና በ1980 የዓለም ራሊን ያሸነፈው በዚሁ ዘር ሞተር ነው። መሠረቱ ጠንካራ ነው። እኔ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ሰው ሞተሩ ውስጥ ያለውን ሳያወጣ ውጭውን ሲያሸበርቅ ነው።


ሎሳንጀለስ78

እኔ አልስማማም። ይቅርታ።

ይኼን ሁሉ ከመድከም የ2 ሊትሩን ሙሉ ሞተር ግዛ። 1995 ሲ ሲ፣ ሲሊንደሩ ያው 84 ነው፣ ስትሮኩ 90። ከታች ጀምሮ ይጎትታል። ስካይላይን ድራይቭ ላይ የሚያስፈልግህ ከታች የሚጎትት ጉልበት ነው፣ ራስህ ተናግረኸዋል። የኔ የ78 ነው፣ ከ81 ስፓይደር ላይ ሞተሩን ከነኢንጀክሽኑ አመጣሁት። እዚህ ካሊፎርኒያ ከ1976 ጀምሮ ያለ መኪና ስሞግ (የጭስ ልቀት) ስለሚፈተሽ ከነመቆጣጠሪያው ሁሉ ነው ያስገባሁት። 74 ቢሆንልኝ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነበርኩ፣ እስከ 75 ያለው አይፈተሽም። ጠዋት በአንዴ ይነሣል፣ ልጆቼም ይነዱታል።


ናቪሊዮ

ወንድሜ፣ ሙሉ ሞተር ከሆነ ያልከው ትክክል ነው። እኔ የፈራሁት ክራንኩን ብቻ አውጥቶ 1756ቱ ውስጥ መክተቱን ነው። የ2 ሊትሩ ብሎክ ቁመቱ ይረዝማል፣ የሰዓት ቺንጋውም ሌላ ነው። ክራንክ ገዝተህ፣ ቢዬላና ፒስቶን አስማምተህ፣ ክፍተቱን ሁሉ ለክተህ ስትጨርስ ሙሉ ሞተር ትገዛበት ነበር። አንተ የጠቀስከው ኢንጀክሽን ያለውም 102 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ኮምፕሬሽኑ ዝቅተኛ ስለሆነ።

ደግሞ መኪናው የ74 ነው፣ የራሱ ሞተር ደግሞ አብሮት አለ። እኔ ብሆን ይዤው እቆያለሁ።


ሎሳንጀለስ78

ክራንኩን ብቻ ስለመክተት ካልክ እሺ፣ እሱ ላይ እስማማለሁ። የራሱን ሞተር ስለመጠበቅ ያልከው ግን የስሜት ጉዳይ ነው። ስሜቱን አከብራለሁ። ብቻ የተሟላ 2 ሊትር በቅርብ ካገኘ እንዲያስብበት እፈልጋለሁ።


ከፍታ

ስለ ቤንዚን አንድ ነገር ልጨምር። ስፓይደር74፣ አንተ ከባሕር ወለል ብዙም አልራቅህም፣ እናንተ ጋ ፕሪሚየሙ 93 ኦክቴን ነው። 9.8 ያለ ችግር ትነዳበታለህ፣ ኢግኒሽኑን ከመጠን በላይ ካላስቀደምከው። እኛ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከስድስት አንዱን ያህል ጉልበት ያጣል፣ ግን ስለዚሁ ማንኳኳቱም (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው መፈንዳቱ) ይቀንሳል። ጋሼ ያሉበት አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,350 ሜትር ነው፣ ሩብ ያህሉ ይጠፋል። እኛ ከፍታ ላይ ላለን ሰዎች ኮምፕሬሽን መጨመር ቅንጦት ሆኖ አይታየኝም፣ የጠፋውን በከፊል ማስመለሻ ነው። ጂግለሩንም (የካርቡራተሩን የቤንዚን ቀዳዳ) መቀነስ ይኖርብሃል፣ አለበለዚያ ጥቁር ጭስ ነው።


ስፓይደር74

ማሽን ቤቱ ደወለልኝ። 3ኛው ሲሊንደር 0.3 ሚሊ ሜትር ተበልቷል፣ ሌሎቹ ያነሰ። ክራንኩ ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል፣ 2ኛው የቢዬላ አንገት ላይ ጭረት ስላለ አንድ ደረጃ ይሞረዳል። ቴስታታው ትንሽ ጎብጧል፣ ስንጥቅ የለም። ጋይዶቹ ግን ሁሉም አልቀዋል። ጋሼ፣ ሳያዩት ነው ያወቁት።

ስለዚህ 84.6 ፒስቶን፣ 9.8። ሲሰላ 1781 ሲ ሲ ይሆናል፣ 25 ሲ ሲ ብቻ ነው የጨመረው፣ ግን ለማስፋት ሳይሆን ለማዳን ነው። ቴስታታው ይቃናል፣ ጋይድ ይቀየራል፣ የቫልቮላ መቀመጫው እንደገና ይቆረጣል። ፒስቶኖቹና ቢዬላዎቹ ክብደታቸው እኩል ይደረጋል፣ ክራንኩ ከቮላኖና ከፍሪሲዮኑ ጋር ባላንስ ይሆናል። እስካሁን 3,100 ዶላር ደርሷል።

የቀረኝ ካርቡራተር፣ ካምና ኢግኒሽን ነው። እርሳስ (ሊድ) ለሌለው ቤንዚን ጠንካራ የቫልቮላ መቀመጫ አስገባ ያለኝም አለ። ያስፈልገኛል?


ናቪሊዮ

መቀመጫው አያስፈልግህም። ያ ምክር የብረት ቴስታታ ላላቸው ሞተሮች ነው፣ መቀመጫው ከራሱ ከብረቱ ለተቆረጠ። ያንተ አልሙኒየም ስለሆነ ፋብሪካው ሲሠራው ጀምሮ ጠንካራ መቀመጫ ገብቶለታል። ላልቶ ወይም ተበልቶ ካላገኙት አትንካው።

ካርቡራተር አንድ ባለ 34 ዌበር ይበቃሃል። የማኒፎልዱን አፍ ከካርቡራተሩ ጋር እኩል ያስፉልህ፣ ደረጃ እንዳይኖረው። ባለሁለት መውጫው የብረት የጭስ ማኒፎልድ ካለህ አትጣለው፣ ፋብሪካው ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው። ካሙን ለጊዜው ተወው። ፑንቲናውን (የኢግኒሽኑን መገናኛ ነጥብ) ግን አውጥተህ ኤሌክትሮኒክ አድርገው፣ ርካሽ ነው፣ ሚኒሞው ላይ ወዲያውኑ ታየዋለህ።


ባለቶርኖ

ልጄ፣ ስትገጥም የምትጠነቀቅባቸውን ልንገርህ፣ እነዚህን ብዙ ሰው አይነግርህም።

በዚህ ሞተር ጎን ላይ አንድ ሦስተኛ ዘንግ አለ፣ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው። ከካሞቹ ጋር ያንኑ ቺንጋ ነው የሚጋራው። ብዙ ልጆች እሱ እንደፈለገ ቢቆም ችግር የለውም ይላሉ። ነውር ነው። ዘንጉ ላይ የቤንዚን ፓምፑን የምትገፋ ጉብታ አለች። ቦታውን ካልጠበቀ ያቺ ጉብታ 2ኛውን ቢዬላ ትመታለች። ቺንጋውን ካሰርክ በኋላ ካንዴላ ሳይገባ በእጅህ፣ በቁልፍ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። የሆነ ነገር ከነካህ አታስገድድ፣ ፍታና እይ።

ሁለተኛ። ከፍተኛ ፒስቶን ስለሆነ ከቫልቮላው ጋር ያለውን ርቀት መለካት አለብህ። ፒስቶኑ አናት ላይ የልጆች ፕላስቲሲን አድርግ፣ ቴስታታውን በአሮጌ ጓርኒሲዮን እሰር፣ አዙር፣ ፍታ፣ የተረፈውን ውፍረት ለካ። እኔ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ካየሁ አልገጥምም።

ሦስተኛ፣ ቺንጋውን አሮጌ እንዳትመልስ። መወጠሪያ ኩሽኔታውንም አብረህ ቀይር። በዚህ ሁሉ ወጪ ላይ ጥቂት ዶላር ነው።

መጀመሪያ ስታስነሣው ደግሞ ካሙንና ታፔቶቹን በመግጠሚያ ቅባት ቀባ፣ ዚንክ ያለው ዘይት ሙላ፣ ካንዴላውን አውጥተህ በሞቶሪኖ የዘይት ግፊቱ እስኪነሣ አዙር። ሲነሣ ሚኒሞ ላይ አታቁመው። 2,000 አካባቢ ያዘው፣ 20 ደቂቃ። ከዚያ መንገድ ላይ ውጣ፣ ጋዝ ስጠው፣ ልቀቀው፣ ስጠው፣ ልቀቀው። ፋሻ የሚገጥመው በጭነት ነው፣ በመንከባከብ አይገጥምም።


ስፓይደር74

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሻለሁ። ሠርቷል!

ጋሼ፣ በእጄ ሳዞረው አንዴ ነካ። እጄ ቀዘቀዘ። ፈትቼ ሳየው ያቺው ዘንግ አንድ ጥርስ ተዛብታ ነበር። ሞቶሪኖ ብሰጠው ኖሮ አዲሱ ቢዬላ ይሄድ ነበር። እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ከ500 ማይል በኋላ የለካሁት ኮምፕሬሽን 178፣ 180፣ 176፣ 179 ነው። ጭስ የለም። አንዱ ባለ 34 ዌበር ላይ ቆምኩ፣ ካሙ የፋብሪካው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስካይላይን ላይ በሦስተኛ ማርሽ ከኩርባ ሲወጣ፣ ከ2,500 ጀምሮ ሳልቀንስ ይጎትተኛል፣ ድሮ ሁለተኛ እከት የነበረበት ቦታ ነው። ልጄ ከጎኔ ሆና "አባ፣ ድምፁ ተቀየረ" አለችኝ። 12 ዓመቷ ነው፣ ሰምታዋለች።

በጀቱ 4,700 ሆነ። 200 ያለፈው ራዲያተሩን ስላሳደስኩ ነው፣ አሮጌው ግማሹ ተደፍኖ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሃይዌይ ላይ 65 ማይል ላይ፣ ጋዙን በጣም በትንሹ ስይዘው፣ ትንሽ ይንገጫገጫል። ሲረገጥ ይጠፋል። ካንዴላዎቹ ነጣ ብለዋል።


ባለቶርኖ

እሰይ ልጄ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

ካንዴላው ከነጣ ስስ ነው የሚጠጣው። መጀመሪያ ካርቡራተሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን እየው፣ አየር እየሳበ እንዳይሆን። እሱ ደህና ከሆነ የአንደኛውን ጉሮሮ ዋና ጂግለር አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው። ሁለተኛውን አትንካ። ከዚያ 50 ማይል ነድተህ የካንዴላውን ፎቶ እዚህ ላክልኝ።